ሙዚቃን በመስተጋብራዊ ድረ ገጾች ማስተማር፦ ከሮቤና ከጎባ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች አንጻር

ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሚገኙት በባሌ ሮቤና በጎባ ከተሞች፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች የሚሰጠው “የክዋኔና ዕይታ ጥበባት” በተሰኘው የትምህርት ዓይነት ሥር ነው። ትምህርቱ ሙዚቃን፣ ቴአትርን፣ ውዝዋዜንና ሥዕልን በአንድነት ይይዛል። መምህሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሙዚቃ ባለሙያ አይደለም፤ ክራርም ሆነ ኪቦርድ በክፍሉ ማግኘት ቀላል አይሆንለትም። ነጻ የሙዚቃ ድረ ገጾች ትኩረት የሚስቡትም ይህን ክፍተት በከፊል መሙላት ስለሚችሉ ነው።

ትምህርትን በመገናኛ ብዙኃን ማድረስ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የትምህርት በሬዲዮ ሥርጭት የረጅም ጊዜ ታሪክ አለው፤ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተዘርግቷል፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጉም ሬዲዮና ቴሌቪዥን አገልግለዋል። እነዚህ ሁሉ ግን ተማሪውን አድማጭና ተመልካች ያደርጉታል። መስተጋብራዊ ድረ ገጽ የሚለየው ሕፃኑ አንድ ነገር ሲነካ ወዲያው ድምፅ ስለሚመልስለት ነው።

ከእነዚህ መካከል ይበልጥ የሚታወቀው ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው “ክሮም ሚዩዚክ ላብ” ነው። ክፍያም ምዝገባም አይጠይቅም። በስብስቡ ውስጥ “ሪዝም” የተባለው ገጽ ምትን፣ “ካንዲንስኪ” የተባለው ደግሞ የተሣለን መስመር ወደ ድምፅ መለወጥን ያስተዋውቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተጨመረው “ሶንግ ሜከር” ባለቀለም አደባባዮች ያሉት ሰሌዳ ነው፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፣ ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜው ይሄዳል። በገጾቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ጥቂት በመሆኑ በአፋን ኦሮሞ ለሚማሩት የባሌ ሕፃናት የእንግሊዝኛው እንቅፋትነት ከሌሎች ትምህርታዊ ድረ ገጾች ያነሰ ነው።

የቅኝት ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ትኩረት ይሻል። “ሶንግ ሜከር” ሲከፈት በምዕራባውያኑ ባለሰባት ድምፅ ሜጀር ስኬል ላይ ተስተካክሎ ነው። መምህሩ ይህን ሳይነካ ካስተማረ፣ የሕፃኑ ጆሮ ከቤት ይዞት የመጣው ሙዚቃ ከክፍል ውጭ ይቀራል። መፍትሔው ማስተካከያው ውስጥ አለ። “ፔንታቶኒክ” የሚለው ምርጫ ሰሌዳውን ወደ አምስት ድምፅ ያወርደዋል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ይህ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ድምፆች አሰላለፍ ነው። አሥራ ሁለቱንም ድምፆች የሚያሳየው “ክሮማቲክ” ሲመረጥ ደግሞ ሌሎቹንም መገንባት ይቻላል፤ ባቲ ሜጀር በዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶልና ሲ፣ አምባሰል ደግሞ በዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶልና ላ ፍላት። ተማሪዎች አንድን አጭር ዜማ በአንዱ ቅኝት ሠርተው ወደ ሌላው ቢያዛውሩት፣ የስሜቱ መለወጥ ከማንኛውም ቃላዊ ማብራሪያ ይልቅ ቅኝት ምን እንደ ሆነ ያስረዳቸዋል።

በምትም ረገድ እንዲሁ ነው። ገጹ በቅድሚያ የሚያቀርበው አራት አራት ምት ነው፤ የችክችካ ስድስት ምት እንዲወጣ እያንዳንዱ ምት በሦስት እንዲከፈል ማዘዝ ያስፈልጋል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሠራው “ግሩቭ ፒዛ” ምቱን በክብ ላይ ስለሚያሳይና የቁራጮቹን ብዛት መለወጥ ስለሚያስችል፣ ተደጋግሞ ለሚዞር የጭብጨባ ምት ይበልጥ ይስማማል።

ይሁንና መሣሪያው የማይደርስበት ቦታ አለ። የኮምፒውተሩ ድምፆች በእኩል ርቀት የተከፋፈሉ ናቸው፤ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ወይም የመንዙማ አዜያሚ ጉሮሮ ግን በእነዚያ መካከል ይንሸራተታል። “ሶንግ ሜከር” በማይክሮፎን የተዜመለትን ድምፅ ተቀብሎ በቅርቡ ባለው አደባባይ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ማለትም ያርመዋል። በባሌ ደጋ ሠርግ ላይ መሪው ሲያወጣና ተቀባዩ ሲመልስ የሚሰማው የአርሲ ኦሮሞ ዘፈን በዚህ መንገድ ቢመዘገብ የሚቀረው አጥንቱ ብቻ ነው። ለዚህ ዓላማ “ስፔክትሮግራም” የተሻለ ነው። ይህ ገጽ ምንም ሳያርም የሰማውን ድምፅ በቀለም ይሥላል፤ ፉጨት፣ እልልታና የማሲንቆ ድምፅ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚለያዩ ሕፃናቱ በዓይናቸው ያያሉ።

የኢንተርኔትና የመብራት ጉዳይ የታወቀ ነው። ድምፁ የሚመነጨው በራሱ በመሣሪያው አሳሽ ውስጥ በመሆኑ፣ ገጹ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የሚፈልገው ዳታ አነስተኛ ነው። መምህሩ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ገጹን ከፍቶ፣ የሚፈልጋቸውን የድምፅ ዓይነቶች አስቀድሞ መርጦና ሞክሮ ወደ ክፍል ቢገባ ይመረጣል።

በክፍሉ ያለው አንድ ላፕቶፕ ወይም አንድ ስልክ ከድምፅ ማጉያ ጋር ብቻ ከሆነ፣ ሁሉም ተራ እስኪደርሰው መጠበቅ ክፍለ ጊዜውን ይፈጃል። የተሻለው አካሄድ አንድ ተማሪ ሰሌዳውን ሲነካ ግማሹ ክፍል ምቱን እንዲያጨበጭብ፣ ሌላው ግማሽ ዜማውን እንዲቀበል ማድረግ ነው። ሰሌዳው ራሱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሊሠራ ይችላል፤ ተማሪዎቹ በደብተራቸው አደባባዮቹን እያጠቆሩ ዜማ ይደርሳሉ፣ በመጨረሻም ጥቂቶቹ በመሣሪያው ገብተው ይሰማሉ። መብራት ቢጠፋም ደብተሩ ላይ ያለው ይዜማል።

የተሠራውን ዜማ በድረ ገጹ ለማስቀመጥ ግን ግንኙነት ያስፈልጋል። ሲቀመጥ አንድ አድራሻ ይሰጣል፤ ገጹ የተጠቃሚ መለያ ስለሌለው አድራሻው የጠፋበት ተማሪ ዜማውን መልሶ አያገኘውም።