በቀን አንድ ዶላር፦ የኒውዮርክ ተማሪዎችና የስልክ ክልከላ ታሪክ

ወላጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ ይቺ ክርክር አትጠፋም። «ትምህርት ቤቱ ስልክ መከልከሉ ደግ አደረገ» የሚል አለ። «ልጄ አንድ ነገር ቢሆን በምን እሰማለሁ?» የሚልም አለ። ሁለቱም ግን ነገሩ ትናንት የተጀመረ ይመስላቸዋል። አይደለም ወዳጆቼ! ክልከላው ከስማርት ስልክ ይቀድማል። ተከልክሎ፣ ተፈቅዶ፣ እንደገና ተከልክሏል። ዛሬ የኒውዮርክን ታሪክ ላጫውታችሁ፤ ምክንያቱም እኛ ስንከራከር የምንረሳውን አንድ ጥያቄ ያነሳል። የክልከላውን ዋጋ የሚከፍለው ማነው? (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በቢፐር ነው። ፔጀርም ትባላለች። ቀበቶ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ዕቃ ናት፤ ትጮሃለች፣ የፈለገህን ሰው ቁጥር ታሳይሃለች፣ አንተ ደግሞ ሮጠህ የሕዝብ ስልክ ትፈልጋለህ። መጀመሪያ ሐኪሞች ነበሩ የሚይዟት። በ1980ዎቹ ግን ክራክ የሚሉት ኮኬይን በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ሲስፋፋ፣ ቢፐር የዕፅ ሻጮች መገናኛ ሆነች። ቢፐር የያዘ ተማሪ ሁሉ መጠርጠር ጀመረ። ኒውዮርክ በ1988 ቢፐርና መሰል የመገናኛ ዕቃዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ከለከለች። ዛሬ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ሜሪላንድም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ሕግ ነበራት።

ልብ በሉ፣ ያኔ የተፈራው የተማሪ ሐሳብ መበታተን አልነበረም። ዕፅ ነው የተፈራው።

ከዚያ ሁለት አስደንጋጭ ነገሮች መጡ። በሚያዝያ 1999 ኮሎራዶ ውስጥ ኮሎምባይን በተባለ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች ተኩስ ከፍተው ጓደኞቻቸውን ገደሉ። በመስከረም 2001 ደግሞ የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ወደቁ። አጠገባቸው የነበሩ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ይዘው ሸሹ፣ ወላጅም ልጄ የት ገባ ብሎ ተጨነቀ። ያን ጊዜ ሞባይል እየረከሰ ነበርና ወላጁ ራሱ ገዝቶ ለልጁ ያስይዝ ጀመር። ብዙ ግዛቶችም የድሮውን ክልከላ አነሱ ወይም አላሉ።

ኒውዮርክስ? ኒውዮርክ ሕጓን አልሰረዘችም። በተግባር ግን አስተማሪ ካላየው ማንም አይናገርም ነበር። ልጁ ስልኩን ያጠፋና ቦርሳው ውስጥ ይከታል፣ በቃ።

በሚያዝያ 2006 ይሄ ዝምታ ፈረሰ። የከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ አስተዳደር ተንቀሳቃሽ የብረት መፈተሻዎችን ሳያስታውቅ ወደ ትምህርት ቤቶች መላክ ጀመረ። ዓላማው ቢላዋና ጠመንጃ ለመያዝ ነበር። ምን ተገኘ መሰላችሁ? በብዛት የተገኘው ስልክ ነው! በሺዎች የሚቆጠሩ ስልኮች ተወሰዱ። ወላጆች ተነሱ፣ ሰልፍ ወጡ፣ ከተማዋንም ከሰሱ። ልጁ በባቡር አንድ ሰዓት ተጉዞ የሚማርበት ከተማ ነው፤ መንገድ ላይ ቢቀርስ?

ፍርድ ቤት ግን በ2007 ለከተማዋ ፈረደ፣ በ2008ም ይግባኝ ሰሚው አጸናው። ነገሩ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ስልክ ይዞ መማር ሕገ መንግሥታዊ መብት አይደለም፤ «ይያዙ ግን አይጠቀሙ» ማለትም አስተማሪውን ዘበኛ ያደርገዋል። እውነቱን ለመናገር ይሄ ሁለተኛው ነጥብ ዛሬም መልስ ያላገኘ ነው። የከተማው ምክር ቤት በበኩሉ ተማሪ ስልኩን በመንገድ ላይ መያዝ ይችላል የሚል ሕግ አወጣ፤ ከንቲባው ውድቅ ቢያደርገውም ምክር ቤቱ በድጋሚ ድምፅ አሳለፈው። ግን ምን ዋጋ አለው? በመንገድ ያዝ፣ በር ላይ ስትደርስ ጣል እንደማለት ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ክልከላው በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ነበር፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተማሪ። በተግባር ግን ከተማዋ ውስጥ ወደ 90 በሚጠጉ የትምህርት ቤት ሕንፃዎች በር ላይ ቋሚ የብረት መፈተሻ ነበር። እነዚህ በአብዛኛው የድሃ፣ የጥቁርና የላቲኖ ልጆች የሚማሩባቸው ናቸው። መፈተሻ የሌለበት ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይገባል። መፈተሻ ያለበት ልጅ ግን ማለፊያ የለውም።

ንግድ ደግሞ ክፍተት አይምርም። በየትምህርት ቤቱ በር ቫን መኪና ይቆም ጀመር። ተማሪው ይሰለፋል፣ ስልኩን በመስኮት ይሰጣል፣ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይቀበላል፣ ማታ ይመለስለታል። ሒሳቡ በቀን አንድ ዶላር። የሰፈር ሱቆችም ገቡበት፤ ከሎሚናዳውና ከቺፕሱ ጎን የተማሪ ስልክ ማስቀመጥ ሥራ ሆነ። በ2012 ብሮንክስ ውስጥ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አንዱን ቫን ዘርፈው የተማሪዎቹን ስልክ ይዘው ሄዱ።

አንድ ዶላር ምን አላት አትበሉ። የትምህርት ዓመቱ ወደ 180 ቀን ነው፤ ስለዚህ 180 ዶላር። ሁለት ልጅ ካለ 360። ይሄን የሚከፍለው የምሳ ገንዘብ የሚቸግረው ቤተሰብ ነው። የተሻለ ሰፈር ያለው ልጅ በዚያው ሕግ ሥር ሆኖ ምንም አይከፍልም።

ከንቲባ ቢል ደብላዝዮ ሥልጣን ሲይዝ ክልከላውን ለማንሳት ከሰጠው ምክንያት አንዱ ይሄው ኢ-ፍትሐዊነት ነበር፤ ሌላው ወላጅ ልጁን ማግኘት አለበት የሚለው ነው። በመጋቢት 2015 ክልከላው ተነሳ፣ ውሳኔውም ለየትምህርት ቤቱ ተሰጠ። ቫኖቹም ከበር ላይ ጠፉ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። አላለቀም። ምክንያቱም ስልኩ ራሱ ተለወጠ። የ2006ቱ ስልክ ይደውላል፣ አጭር መልእክት ይልካል። የአሁኑ ግን ቲክቶክ አለው፣ ኢንስታግራም አለው፣ ልጁን ሳይለቅ የሚይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። አስተማሪዎች መሮጥ አቃታቸው። ፈረንሳይ በ2018 እስከ 15 ዓመት ገደማ ላሉ ተማሪዎች በሕግ ከለከለች። ዩኔስኮ እንደቆጠረው በ2024 መጨረሻ 79 የትምህርት ሥርዓቶች፣ ማለትም 40 በመቶው ያህል፣ በሕግ ወይም በፖሊሲ ክልከላ ነበራቸው።

ኒውዮርክም ተመለሰች። አሁን ከተማዋ ብቻ አይደለችም፣ ግዛቱ በሙሉ ነው። ከመስከረም 2025 ጀምሮ ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ደወል ኢንተርኔት ያለው ስልክ ተከልክሏል። ሕጉን ስታዩት ግን ከቫኖቹ ዘመን የተማረ ይመስላል። ለማስቀመጫ የሚሆን 13.5 ሚሊዮን ዶላር ግዛቱ መደበ። ወላጅ በቀን ውስጥ ልጁን የሚያገኝበት መንገድ ትምህርት ቤቱ ማዘጋጀት አለበት። በስልክ ምክንያት ብቻ ተማሪን ከትምህርት ማገድ አይቻልም። በስልኩ ስኳሩን ለሚከታተል ልጅ፣ ቋንቋ ለማስተርጎም ለሚጠቀምበትም ልጅ የተለየ ፈቃድ አለ። ይቺ የመጨረሻዋ እኛን ትመለከታለች፤ ከአገር ቤት በመጣ በሳምንቱ ክፍል የገባ ልጅ መተርጎሚያው ያቺ ስልክ ናትና።

እኔ ክልከላውን አልቃወምም። ልጅ በቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት ከስክሪን ቢያርፍ ደስታዬ ነው። ግን የኒውዮርክ ታሪክ የሚያሳየው አንድ ሕግ ትክክል ሆኖም በድሃው ጫንቃ ላይ ሊያርፍ እንደሚችል ነው። ያንን ደግሞ «ከልክሉ» የሚለው ሰው አያየውም፣ የሱ ልጅ አልተሰለፈማ!

ስለዚህ የልጃችሁ ትምህርት ቤት ስልክ ከልክለናል የሚል ወረቀት ሲልክላችሁ ፈርማችሁ ብቻ አትመልሱ። ሦስት ነገር ጠይቁ። ስልኩን ማን ያስቀምጣል፣ ቢጠፋስ ማን ይከፍላል? በቸገረኝ ሰዓት ለማን ደውዬ ልጄን አገኛለሁ፣ የሚያነሳውስ ሰው አለ? ስልኩ ለጤናው ወይም ለቋንቋው የሚያስፈልገው ልጅስ ምን ይሆናል?

መልስ ካላቸው መልካም። ከሌላቸው ግን የቫኗን ታሪክ አጫውቷቸው።

በእናንተ ልጆች ትምህርት ቤት እንዴት ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።