ሽቦው አለ፣ ባቡሩስ?

ለዘንድሮው የመገናኘት በዓላችን ከአዲስ አበባ ወደ ሀዋሳ በመኪና የምትመጡ የግቢ ልጆች፣ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ከመታጠፋችሁ በፊት የባቡሩን ሐዲድ ፈልጋችሁ እዩልኝ። ከሐዲዱ በላይ በምሰሶ ተወጥሮ የሚሄድ ሽቦ አለ። ኃይል ሲኖረው 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል። ባቡር ሲያልፍ አይቼ ነው የምሄደው የምትሉ ካላችሁ ግን ምሳችሁን ይዛችሁ ቁሙ።

አዘጋጆቹ የጠየቁኝ የሕክምና ታሪክ እንድጽፍ ነበር። ባቡር ውስጥ ምን እንዳስገባኝ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ፤ ከሥራችን ያን ያህል አልራቅሁም።

በአገራችን የባቡር ታሪክ ሲነገር የሚወራው ስለ ሐዲዱ ነው። ማን ፈቀደ፣ ማን አበደረ፣ የት ደረሰ። ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሳ፤ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ከሰረና መስመሩ ለዓመታት እዚያው ተገተረ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችውም በዚሁ ነው፤ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ አልወጣም ስላለ፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ የመጨረሻ ጣቢያ ሆና ስለቆየች።

የዚያን ጊዜው ባቡር በእንፋሎት የሚሄድ ስለነበር ውኃ ይጠጣል። በረሃ ለሚያቋርጥ ባቡር ውኃ ከሐዲድ ያላነሰ ጉዳይ ነው። ናፍጣ ሲመጣ ነገሩ ቀለለ። የናፍጣ ባቡር ጉልበቱን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚጓዘው፤ ስንቁን በአገልግል ቋጥሮ እንደሚወጣ ሰው። የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ስንቅ አይዝም። በየደረስኩበት ቤት እበላለሁ ብሎ የተነሳ መንገደኛ ነው። አንዱ ቤት ተዘግቶ ከጠበቀው ጦሙን ያድራል። እነዚያ ቤቶች ከትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር ኃይል ተቀብለው ለባቡሩ በሚስማማው መጠን የሚያቀርቡት ሰብስቴሽኖች ናቸው። በመስመሩ ዳር በየተወሰነ ኪሎ ሜትሩ መኖር አለባቸው። ይህን ያዙልኝ፤ ተመልሼ እመጣበታለሁ።

የእኛ አካባቢም ከባቡሩ ታሪክ ውጭ አልነበረም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከናዝሬት እስከ ዲላ የሚወርድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ለመዘርጋት ታቅዶ ነበር። የሲዳሞን ቡና ወደ ጅቡቲ ለማውረድ ታስቦ ነው። ሀዋሳ (ያኔ እንኳን አዋሳ ነበረች፣ እኔም አፌ አልለቀቀውም) ገና ከተማ መሆን የጀመረችበት ጊዜ ነው። ዕቅዱ ዕቅድ ሆኖ ቀረ፤ ቡናውም በመኪና መጓዙን ቀጠለ። አሮጌው የጅቡቲ መስመርም እያረጀ፣ እየተበጣጠሰ ሄደ።

በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ በአምስት ዓመት ይዘረጋል ተባለ። በካርታው ላይ ሀዋሳም ነበረች፤ ከሞጆ ተነስቶ በሻሸመኔና በሀዋሳ አድርጎ ወደ አርባ ምንጭና ኮንሶ የሚወርድ መስመር። ባቡሮቹም በኤሌክትሪክ እንዲሄዱ ተወሰነ።

ይህን ውሳኔ የሚያሾፉበት ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ናፍጣ የምንገዛው በዶላር ነው፤ ወንዞቹ የራሳችን ናቸው። መልክዓ ምድሩም ለኤሌክትሪክ ይፈርዳል። ከውጭ የምናስገባው ከምንልከው ይበልጣል፤ ስለዚህ ከባዱ ጭነት ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ዳገት ይወጣል፣ ባቡሩ ቀሎት ይወርዳል። ከፍታ ላይ ደግሞ የናፍጣ ሞተር እንደኛው አየር ያጥረዋል። የኤሌክትሪኩ ሳንባ የለውም። እንዲያውም ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ ኃይል መልሶ ማመንጨት ይችላል። አመክንዮው ጤነኛ ነበር። የታመመው ቅደም ተከተሉ ነው።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲን መስመር እንውሰድ። ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ እስኪደርስ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሽቦው ገና ሥራ ሳይጀምር፣ በ2008ቱ ድርቅ ወቅት፣ በዚያ ሐዲድ ላይ ከጅቡቲ እህል ተጓጉዟል። ማን ጎተተው? የናፍጣ ሎኮሞቲቭ። የዚያን ዓመት የተመጣጠነ ምግብ እጥረት ክፍል ውስጥ የሠራችሁ፣ አንድ ሳምንት ቀድሞ የደረሰ እህል ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም። በኤሌክትሪክ ሊሄድ የተሠራው መስመር የመጀመሪያ ቁም ነገሩን የሠራው በናፍጣ ነው። ይህ በምረቃ ንግግሮች ውስጥ ብዙም አይነሳም።

ምረቃው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ለቡ ጣቢያ ላይ ተደረገ። የንግድ አገልግሎቱ የጀመረው ግን ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ነው፤ 15 ወር ገደማ ቆይቶ። ከጀመረም በኋላ መብራት ሲሄድ ባቡሩ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ አጥር ስለሌለው ግመልና ከብት ይገባበታል፤ ሽቦውንና ብረቱን የሚሰርቅ አለ። ለፍትሕ ያህል፣ መስመሩ ሞቷል ማለቴ አይደለም። ኮንቴይነርና ማዳበሪያ ያመላልሳል፤ ግንቦት 2016 ላይም የቻይና ኩባንያዎቹ አስተዳደሩን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች አስረክበዋል። ግን ያን ሁሉ ሽቦ የሚመጥን የባቡር ብዛት የለውም። የአዲስ አበባውን ቀላል ባቡር ሁላችሁም ስለምታውቁት አላበዛበትም። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. በ41 ባቡሮች ተጀመረ፤ ዓመታት ሲያልፉ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ዴፖ ውስጥ ቆሙ።

ዋናው ታሪክ ያለው ወሎ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለቱርኩ ያፒ መርኬዚ ኩባንያ በ2004 ዓ.ም. ተሰጠ፤ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር፤ ግንባታው በ2007 ተጀመረ። ተራራው ተፈልፍሎ ዋሻ ወጣለት፣ ድልድይ ተሠራ፣ ምሰሶው ተተከለ፣ ሽቦው ተወጠረ። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ሥራ ከሞላ ጎደል አለቀ። የቀረው ኃይሉ ነው። ሽቦውን ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ ጋር የሚያገናኘው ሥራ በጊዜው አልደረሰም። ለእሱ ደግሞ ሌላ ገንዘብ፣ ሌላ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል።

ኮምቦልቻ ያደገች የዶርም ጓደኛዬን "ባቡራችሁ መጣ?" እያልኩ አሾፍባት ነበር። "ሽቦው መጥቷል፣ እሱ ራሱ ከየት እንደሚመጣ እየጠበቅን ነው" ትለኝ ነበር።

እኛ ሐኪሞች ይህን በሽታ እናውቀዋለን። በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል አዲስ የራጅ ማሽን ከነሳጥኑ ኮሪደር ላይ ከረመ። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ሶስት ፌዝ መብራት የማስገባቱ ሥራ ግን በሌላ መሥሪያ ቤት፣ በሌላ በጀት፣ በሌላ ዓመት ዕቅድ ውስጥ ነበር። ማሽኑን ያመጣው ክፍል ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ ሪፖርት አድርጓል፤ እውነቱን ነው፣ ጨርሷል። ሪፖርቱ ውስጥ ግን እግሩ ተሰብሮ በር ላይ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። የአዋሽ–ኮምቦልቻ መስመርም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ጨረሰ ይባላል፤ የሚጎድለው በሁለቱ መሐል ያለው፣ የማንም ያልሆነው ነው።

የቆመ ነገር ደግሞ ባለበት አይቆይም። ጀሶ ውስጥ የሰነበተ ክንድ እንዴት እንደሚመነምን ታውቃላችሁ። ኃይል ያለበትን ሽቦ ሌባ ይፈራዋል፤ ኃይል የሌለበት ሽቦ መዳብ ነው፣ መዳብ ደግሞ ገበያ አለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ የፕሮጀክቱ ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመ። ባቡር ሄዶበት ያልጠገበ መስመር ለጥገና በቃ። የብድሩ ወለድ ግን ባቡሩ እስኪመጣ ብሎ አልጠበቀም።

እዚህ ላይ ጎረቤት ማየት ይጠቅማል። ኬንያ የሞምባሳ–ናይሮቢን መስመር ግንቦት 2009 ላይ ስትከፍት በናፍጣ ነው። ኤሌክትሪኩ ለወደፊቱ ይሁን አለች። ያኔ የእኛ ሰዎች "ኋላ ቀር" ብለው ነበር፤ ባቡሩ ግን ሄደ። ታንዛኒያ እንደኛው ኤሌክትሪክ መረጠች። ከዳሬሰላም ሞሮጎሮ ያለውን ክፍል የሠራው ያው ያፒ መርኬዚ ነው። ግንባታው የተጀመረው ከእኛ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው፤ ሰኔ 2016 ላይ መንገደኛ ጭኖ ሄደ። ኩባንያው አንድ፣ ቴክኖሎጂው አንድ። ስለዚህ "ኤሌክትሪክ ለአፍሪካ አይሆንም" የሚለው ወሬ አያስኬድም።

ኃይል የለም እንዳይባልም፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ልቡ ይመታል። ደም ስሩም ተዘርግቷል። መሐል ላይ ያለውን የሚያገናኘው ነው የጠፋው።

አሁን ወደ ሀዋሳ ልመለስ። የኢንዱስትሪ ፓርካችን በሐምሌ 2008 ሲመረቅ ባቡር ይከተላል ተብሎ ነበር የሚወራው። ፓርኩን የሠራው ሲሲኢሲሲ ከሚኤሶ ጅቡቲ ያለውንም ሐዲድ የሠራው ኩባንያ ስለሆነ፣ ወሬው እውነት እውነት ይሸት ነበር። ሐዲዱ አልመጣም። ከፓርኩ የሚወጣው ኮንቴይነር፣ ወደ ከተማው የሚገባው ሲሚንቶ፣ ግሉኮስና የላቦራቶሪ ሪኤጀንት ሳይቀር በከባድ መኪና ነው የሚመላለሰው።

ባቡር ውስጥ የገባሁትም በዚህ በኩል ነው። በዚያ መንገድ ላይ ሌሊት ሲነዳ ያደረ ሾፌር፣ ተሳቢ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ የሚሻገር ሕፃንና ከብት አብረው ይሄዳሉ። ከሻሸመኔና ከአርሲ ነገሌ በኩል የሚመጣው አደጋ የሚያርፈው ሀዋሳ ድንገተኛ ክፍል ነው። ተረኛ ሆኜ ባደርኩባቸው ሌሊቶች ስንት ጭን ወጥረን፣ ስንት ደረት ቱቦ አስገብተን እንደነጋ እናንተም አብራችሁኝ ነበራችሁ። አዲሱ የሞጆ–ሀዋሳ ፈጣን መንገድ ይረዳል፤ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለውን የሄደበት ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ኮንቴይነር ከአስፋልት ላይ የሚያነሳው ግን ሐዲድ ነው። አንድ የጭነት ባቡር በርካታ ደርዘን ተሳቢዎችን ይተካል፤ ለእኔ እያንዳንዱ ያልመጣ ተሳቢ ያልተጠራ ተረኛ ነው።

ታዲያ ሐዲዱ ይምጣልን የሚል ስብሰባ በከተማችን ሲጠራ እኔም እሄዳለሁ፤ እጄንም አወጣለሁ። የምጠይቀው ግን ጣቢያው በየት ሰፈር ይሁን የሚለውን አይደለም፤ በእሱ ብዙ ሰው ይጣላል። ሰብስቴሽኑን ማን ይሠራዋል፣ ውሉ ከሐዲዱ ውል ጋር አብሮ ይፈረማል ወይ፣ መብራቱ እስኪደርስ ምን ይጎትታል ብዬ ነው። ለመጨረሻው መልስ አለኝ፤ በ2008 እህሉን የጎተተው ይጎትት። ከሽቦ ሥር ናፍጣ ማስኬድ ያሳፍራል የሚል መሐንዲስ ሲያጋጥመኝ፣ ኦክስጅን ማምረቻው እስኪገጠም ሲሊንደር በጋሪ ያመላለስንበትን ጊዜ እነግረዋለሁ። በሽተኛው የጠየቀው አየር ነው፤ ከየት መጣ አላለም።

ኮምቦልቻ ያለችው ጓደኛዬ ለዘንድሮው በዓል ትመጣለች። በአውቶቡስ ነው።