የእብናት ወረንጦና የዛግሬብ መድኃኒት

እብናት ገበያ ወጥታችሁ ከአንዲት እናት ማተብ ጋር የተንጠለጠለች ትንሽ ወረንጦ ብታዩ አይድነቃችሁ። እኛ የከተማ ልጆች የእሾህ መንቀያ ብቻ ትመስለናለች። የዓይን ማዝ ወይም ትራኮማ ቆቡን ወደ ውስጥ ሲቀለብሰው ዓይን የሚፍቀውን ሽፋሽፍት መንቀያም ናት። ደቡብ ጎንደር በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጠቁ የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው።

በ2001 ዓ.ም. በአማራ ክልል የወባና የትራኮማ ዘመቻ ሲጀመር ለሕዝቡ የታደለው መድኃኒት አዚትሮማይሲን ነው። ሚዛን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ስለሚከብድ ሕፃናቱ ቁመታቸው በዘንግ እየተለካ ሽሮፑን ይጠጣሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአፈር ነው። በ1949 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ፊሊፒናዊው ሐኪም አቤላርዶ አጊላር ከኢሎይሎ አፈር ዘግኖ አሜሪካ ላለው ኤሊ ሊሊ ኩባንያ ላከ። አፈሩ ውስጥ ከነበረች ባክቴሪያ ኤሪትሮማይሲን ተገኘ፤ በ1952 ገበያ ወጣ። አጊላር ድርሻዬን ብሎ ጠይቆ ሳያገኝ እንደሞተ ይነገራል።

አመራረቱ ጠላ ለምትጠምቅ እናት አይጠፋትም። ባክቴሪያዋ በግዙፍ የብረት ጋን፣ ስኳርና የአኩሪ አተር ዱቄት እየተመገበች፣ አየር እየተነፋላት ለቀናት ትብላላለች። የሚያደክመው ማጥራቱ ነው። ከብዙ ሺህ ሊትር ድፍድፍ የሚፈለገው ጥቂት ነውና! ፈሳሹ አልካላይን ሲደረግ ኤሪትሮማይሲን ውሃውን ትቶ ወደ ኬሚካል ማሟሚያው ይሻገራል፤ አሲድ ሲጨመር ደግሞ ወደ ውሃ ይመለሳል። እንዲህ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ጉድፉ ወደ ኋላ ይቀራል።

ግን የጨጓራ አሲድ ይሰብረዋል። በ1980 ዛግሬብ ላይ፣ ያኔ ዩጎዝላቪያ ነበረች (የጃንሆይ ወዳጅ የቲቶ አገር)፣ የፕሊቫ ኩባንያ ኬሚስቶች በሞለኪዩሉ ቀለበት ውስጥ አንድ ናይትሮጅን አስገብተው አዚትሮማይሲንን ሠሩ። አዲሱ መድኃኒት አሲዱን ቻለ፤ ሰውነት ውስጥም ለቀናት ይቆያል። አንድ ጊዜ መውሰድ የሚበቃው ለዚህ ነው። ፋይዘር ፈቃዱን ገዝቶ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እስከ መሸጥ ደረሰ፤ ከ1998 በኋላ ግን ለትራኮማ በነፃ ይሰጣል።

የእኛ አገር ፋብሪካዎች በአብዛኛው የተጣራውን ዱቄት ከውጭ አስመጥተው እንክብል ያደርጋሉ እንጂ ጋኑ የላቸውም። በደቡብ ጎንደርም ከ10 ዙር በላይ ታድሎ ትራኮማው ያለቀቃቸው ወረዳዎች አሉ። ፊት መታጠቢያ ውሃ ሩቅ በሆነበት ዝንቡ ከልጅ ወደ ልጅ መልሶ ያዛምተዋል፤ ሽሮፑ የደረሰበት ቀበሌ ሁሉ ደግሞ ቧንቧ አልደረሰውም።