ኮቪድ፣ ገደብና አስም፦ ቤት መቀመጥ የሚጠቅመው የቤቱ አየር ንጹሕ ሲሆን ነው

አስም የአየር ቧንቧዎች ተቆጥተው ሲጠቡ ትንፋሽን የሚያሳጥር፣ ደረትን የሚያፍንና ሲር ሲር የሚያሰኝ የረጅም ጊዜ ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በዓለም 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕመሙ እንዳለባቸው፣ 455 ሺህ ያህሉም ሕይወታቸው እንዳለፈ ገምቷል። ኮቪድ-19 ሲከሰት እነዚህ ሕሙማን ከቫይረሱ ባሻገር ቫይረሱን ለመግታት የተጣለው ገደብም ነክቷቸዋል።

ገደቡ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ይፋ የሆነው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀንም ለአምስት ወራት የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሕዝቡ ከቤት ፈጽሞ እንዳይወጣ አልተከለከለም፤ እርሻና ገበያ ቀጥለዋል። ሆኖም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻዎችም በግማሽ አቅማቸው እንዲጭኑ በመደረጉ የጉዞ ዋጋ ናረ።

ከኦፋ ወይም ከኪንዶ ኮይሻ ተነስቶ ለክትትል ወደ ወላይታ ሶዶ ለሚመጣ ሕመምተኛ ይህ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። የአስም መድኃኒት በየጊዜው የሚሞላ እንጂ አንድ ጊዜ ተወስዶ የሚያበቃ አይደለምና፣ የተዘለለ ቀጠሮ ማለት የተቋረጠ መድኃኒት ማለት ነው። በዚህ ላይ ሳልና የትንፋሽ ማጠር የኮቪድም ምልክቶች በመሆናቸው፣ በአደባባይ ማሳል የሰው ዓይን የሚስብ፣ ወደ ጤና ተቋም መሄድም የሚያስፈራ ሆነ።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በብሪታንያና በሌሎች የበለጸጉ አገሮች በዚያው ወቅት ያልተጠበቀ ነገር ታየ። አስም ተነሥቶባቸው በድንገተኛ ሁኔታ ሆስፒታል የሚገቡ ሰዎች ቁጥር በጉልህ ቀነሰ። ሆስፒታልን መፍራት አንዱ ምክንያት ቢሆንም ብቸኛው አልነበረም። ሰዎች ስለተራራቁ ጉንፋን የመተላለፍ ዕድሉ ጠበበ፤ የተሽከርካሪ ጭስ ቀነሰ፤ ብዙዎችም መድኃኒታቸውን ከወትሮው በላይ በጥንቃቄ መውሰድ ጀመሩ። ከእነዚህ ተሞክሮዎች ቤት መቀመጥ ለአስም ሕመምተኛ ይበጃል የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ ይቻላል። ድምዳሜው የሚሠራው ግን የቤቱ አየር ከውጭው የተሻለ ሲሆን ነው።

ጭስ ባለበት ቤት

በወላይታ ገጠር አብዛኛው ምግብ የሚበስለው በማገዶ ነው። መስኮት በሌለው ጎጆ መሐል እሳት ሲነድ ጭሱ መውጫ አጥቶ ይታመቃል። ጭስ አስምን ከሚቀሰቅሱ ነገሮች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል።

የአዋጁ ወራት ደግሞ ከክረምቱ ጋር ገጠሙ። በክረምት እንጨቱ እርጥብ፣ በሩም ለብርድና ለዝናብ ሲባል ዝግ በመሆኑ ጭሱ ይበረታል። ቀኑን በክፍል ውስጥ ያሳልፉ የነበሩ ልጆች፣ ትምህርት በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ደረጃ በደረጃ እስኪጀመር ድረስ፣ በምድጃው አካባቢ የሚቆዩበት ሰዓት ረዘመ። ከምድጃው የማይለዩት እናቶችና ሴት ልጆች ከሁሉም በላይ ለጭሱ የተጋለጡ ናቸው።

ቫይረሱና አስም

በወረርሽኙ መጀመሪያ የአስም ሕመምተኞች ሁሉ በኮቪድ የመሞት ዕድላቸው ከፍተኛ እንደሆነ ተሰግቶ ነበር። በኋላ የወጡ ጥናቶች ግን ሕመሙ በመድኃኒት በሚገባ ከተቆጣጠሩት ይህ ስጋት እንደማይጨምር አሳይተዋል። አደጋው የሚበረታው አስማቸው ጽኑ በሆነና መድኃኒት ባቋረጡ ሰዎች ላይ ነው። ስለዚህ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ፣ በአፍ የሚሳብና ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት በወረርሽኝ ወቅትም አይቋረጥም። ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ ለጊዜው ይከፍታል እንጂ ይህን መድኃኒት አይተካም።

ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት

መንገድ ሊዘጋ የሚችልበት ወቅት ሲመጣ መድኃኒቱ ሳያልቅ አስቀድሞ ማስሞላት ያስፈልጋል። ማብሰያውን ከመኝታው መለየት፣ ጭስ መውጫ ማበጀት፣ ማገዶን በበጋ አድርቆ ማከማቸትና እንደ ምርት ያለ የተሻሻለ ምድጃ መጠቀም ጭሱን ይቀንሳል። በውቂያና በበቆሎ ፍልፈላ ጊዜም ሕመምተኛው ከእብቁ ቢርቅ ወይም አፍና አፍንጫውን ቢሸፍን ይመረጣል።

ፓፍ በትክክል መሳብ ለሚቸገሩ ሕፃናት ስፔሰር የሚባለው ዕቃ ያግዛል። በደቡብ አፍሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የታተመ ጥናት፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ታችኛው ጫፉ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶና ዙሪያው አየር እንዳያስገባ ተደፍኖ፣ ከፋብሪካው ስፔሰር ያልተናነሰ ውጤት እንደሰጠ አረጋግጧል። አሠራሩን የጤና ባለሙያ እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሕመምተኛው አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሳልቡታሞል ወስዶ ካልተሻለው፣ ምንም ዓይነት ገደብ ቢኖር ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።