የጎንደሩ ልጅና የጎንደር መጻሕፍት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጠዳም ሆነ በጎንደር የጤና ትምህርት የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች ከጉባኤ በኋላ ስትጨዋወቱ ብዙ ጊዜ የምትደርሱበት ጉዳይ በአውሮፓ የነጻ ትምህርት ዕድል ማግኘት ነው። እንግዲያውስ ከእናንተ አስቀድሞ ከዚህችው ከጎንደር ተነሥተው በአውሮፓ ሕክምና የተማሩትን ሰው ልታውቋቸው ይገባል። እኒህ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ዘመናዊ ሕክምና የተማሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም መባላቸውን ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ግን የምጽፍላችሁ ስለ ሄዱበት መንገድ ነው፤ በዚያ መንገድ ብቻቸውን አልሄዱምና።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለደ። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጎንደር ላይ ዘምተው ከተማዪቱን አቃጠሉ፤ የአድባራቱን ንዋያተ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍትም ሰብስበው አስወሰዱ። ንጉሡ በመቅደላ የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን በመጻሕፍት የከበረ ለማድረግ ያስቡ ነበር። ዓላማው መልካም ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን መጽሐፉ የተነጠቀበት ደብር መምህር ምን ይማርበት፥ ምንስ ያስተምርበት? ሕፃኑ ወርቅነህም ከቤተሰቡ ጋር መቅደላ ደረሰ።

የእንግሊዝ ጦር በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ድል አደረገ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ዕለቱ የትንሣኤ ማግሥት ሰኞ፥ ማለትም ማዕዶት ነበረ። ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ አምባው ተበረበረ። በዚያ ሁከት ውስጥ ከወላጆቹ የተለየ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ተገኘና አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወሰደው። የተዘረፈው ንብረት 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ተጭነውት በደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ ቀረበ። የብሪታንያ ሙዚየም ሰው ከጦሩ ጋር መጥቶ ስለ ነበር ለሙዚየሙ ገዛ። በመጨረሻ 350 ያህል ብራናዎች ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። የጎንደር ልጅና የጎንደር መጻሕፍት በአንድ ጦር እጅ፥ በአንድ መንገድ ወደ ባሕር ወረዱ።

ሕፃኑ ሕንድ ደረሰ። የወሰደው ኮሎኔል ቻርልስ ቻምበርሌን ብዙም ሳይቆይ ስለ ሞተ ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም ከሁለቱ ሰዎች የመጣ ነው። ወርቅነህ የተባለውን ልጅ በዚያ ስም የሚጠራው አልነበረም። ያሳደጉት ሰዎች ደግነት እውነት ነው፤ ልንክደው አይገባም። ይሁን እንጂ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ ሕፃን ቅዳሴ የሚያሰማው፥ በአማርኛ የሚያናግረው አላገኘም። ስለዚህ አማርኛው ጠፋ። በ1874 ዓ.ም. በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ፤ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ወደ ስኮትላንድ ሄደው በኤድንብራ ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። በዚያው በኤድንብራ ከተማ በቅዱስ ዮሐንስ ስም በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመቅደላ የመጣ ታቦት ነበረ። ጦሩ እንደ ተመለሰ አንድ መኮንን ለዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰጥቶት ነው። የጎንደሩ ተማሪ በከተማዪቱ ጎዳናዎች ሲመላለሱ ታቦቱ ያለ መንበር፥ ያለ ካህን በዚያው ተቀምጦ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ በቁም ሣጥን ውስጥ አገኘው፤ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። አዲስ አበባ በእልልታ የተቀበለችው እርሱን ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ከታቦቱ ቀድመው ተመለሱ። በበርማ በሐኪምነት ሲያገለግሉ የዐድዋን ድል ሰሙ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተውም አዲስ አበባ ገቡ። ዐፄ ምኒልክ ተቀበሏቸው። ከገዛ ወገናቸው ጋር ለመነጋገር ግን አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው ነበር። ወሬውን ሰምተው የመጡት አያታቸው ከልጅነት በቀረ የሰውነት ጠባሳ ለዩአቸው። ወርቅነህ የሚለውን ስም ያገኙት በዚያን ጊዜ ነው። አማርኛን በጎልማሳነታቸው እንደ አዲስ ተምረው በኋላ በዚሁ ቋንቋ የጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደረሱ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መርተዋል፤ ጨርጨርን አስተዳድረዋል፤ ጣልያን ሲወርረን በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበርና በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች ገደሏቸው። አባት ይህን መርዶ የሰሙት በባዕድ አገር ሆነው ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በትውልድ ከተማቸው የተከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም. ነው።

ብራናዎቹስ? አብዛኞቹ እስከ ዛሬ በለንደን፥ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው፤ በአንዳንዶቹም ላይ የጎንደር አድባራት ስም ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ከተማ የሚማር ተማሪ የአንባቢነት መታወቂያ አውጥቶ ሊያነባቸው ይችላል። መጽሐፉ የተወሰደበት ደብር የአብነት መምህር ግን አስቀድሞ ቪዛ መጠየቅ ይኖርበታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።