ዐይን የማያየው ብርሃን

እ.ኤ.አ. በ1972 ኸርበርት ማሩስካ በስታንፎርድ ከጋሊየም ናይትራይድ ክሪስታል ሐምራዊ ብርሃን አፈለቀ። ብርሃኑ ደካማ ነበርና ቀጣሪው አርሲኤ በ1974 ሥራውን አስቆመ። ያሳዝናል!

ክሪስታሉ የሚበቅለው በሰንፔር ላይ ነው፤ የሁለቱ የአቶም አደራደር ግን ስለማይገጥም ውጥረትና ስንጥቅ ይፈጠራል። በ1986 በናጎያ አካሳኪና አማኖ በመካከላቸው ስስ የአሉሚኒየም ናይትራይድ ንጣፍ አኖሩ፤ ለሰማያዊው ኤልኢዲ፣ በ2014ም ከናካሙራ ጋር ለተጋሩት የኖቤል ሽልማት መንገድ የጠረገው ይህ ብልሃት ነው።

ዐይን ወደማያየው፣ ተሕዋስያንን ወደሚገድለው አልትራቫዮሌት ለመዝለቅ ግን አሉሚኒየሙ መብዛት ነበረበት፤ የድሮው ስንጥቅም አብሮ ተመለሰ። ናኖ ሽቦ የተፈለገው ለዚህ ነው፦ ከጠጕር በመቶዎች እጥፍ የቀጠነ ዘንግ በጎኑ ስለሚላላ ውጥረቱን ሳይሰነጠቅ ያሳልፈዋል። በ2015 በሞንትሪያል፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ ከአሉሚኒየም ናይትራይድ ናኖ ሽቦዎች የተሠራ ኤልኢዲ የሞገድ ርዝመቱ 210 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ሰጠ። የማሩስካ ሥራ ከተቋረጠ አርባ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር።