የጥቂት ሕሙማን ተስፋና የዕጣ ጥናት ፍርድ

ቀደም ሲል የቬገነር ግራኑሎማቶሲስ ይባል የነበረው፣ ዛሬ ግራኑሎማቶሲስ ከፖሊአንጃይቲስ ጋር በመባል የሚታወቀው በሽታ ብዙ ጊዜ የማይገጥም የትናንሽ ደም ሥሮች ብግነት ሲሆን፣ በተለይ አፍንጫን፣ ሳንባንና ኩላሊትን ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1958 ዋልተን ባቀረቡት የ56 ሕሙማን ዘገባ መሠረት፣ ሕሙማኑ በሕይወት የቆዩት በአማካይ 5 ወር ብቻ ሲሆን 82 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ሞተዋል።

ይህን ታሪክ የለወጠው ሳይክሎፎስፋማይድ ከስቴሮይድ ጋር መሰጠቱ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ፋውቺና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1983 ካቀረቧቸው 85 ሕሙማን በ93 በመቶው በሽታው ፈጽሞ ጋብ ብሏል። ይሁን እንጂ በዚያው ተቋም 158 ሕሙማንን የተከታተለው የ1992 ዘገባ በሽታው በግማሾቹ ላይ ማገርሸቱን፣ መድኃኒቱም ለፊኛ መድማት፣ ለፊኛ ካንሰርና ለመካንነት መዳረጉን አሳየ። ስለዚህ መድኃኒቱ ላልበጃቸው ወይም ላልተስማማቸው ሕሙማን ሌላ መፍትሔ መፈለግ ግድ ሆነ።

ሁለት መድኃኒቶች በጥቂት ሕሙማን ላይ ተስፋ አሳዩ። ኢታነርሴፕት እ.ኤ.አ. በ2001 በ20 ሕሙማን ተሞክሮ የበሽታው ምልክቶች ቀነሱ። ሪቱክሲማብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ዘገባ በሽታቸው ለሕክምና አልበገር ካለ 11 ሕሙማን በሁሉም ላይ ሠራ። እስከዚህ ድረስ ሁለቱን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም ነበር።

የለያቸው በዕጣ የተመደበ ንጽጽር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው የ180 ሕሙማን ጥናት ኢታነርሴፕት ከአምሳያው የተሻለ ጥቅም አላሳየም፤ እንዲያውም ከወሰዱት መካከል 6ቱ በዕጢ ካንሰር ሲያዙ፣ ካልወሰዱት አንድም አልተያዘም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2010 በ197 ሕሙማን በተደረገው ጥናት፣ ከ6 ወር በኋላ ስቴሮይድ አቋርጠው በሽታው ጋብ ያለላቸው በሪቱክሲማብ 64 በመቶ፣ በሳይክሎፎስፋማይድ 53 በመቶ ነበሩ፤ በሽታው ካገረሸባቸው መካከል ደግሞ 67 በመቶና 42 በመቶ። በማግስቱ ዓመት ሪቱክሲማብ ለዚህ በሽታ በአሜሪካ ተፈቀደ።

እንዲህ ያለ በሽታ በአንድ ሆስፒታል ለጥናት የሚበቃ ሕሙማን ስለማያስገኝ፣ ሁለቱም ጥናቶች የበርካታ ማዕከላትን ትብብር ጠይቀዋል። የበሽታው ብርቅነት ማስረጃ መሰብሰብን ያከብዳል እንጂ አስፈላጊነቱን አያስቀርም፤ ያ ንጽጽር ባይደረግ ኖሮ የማይጠቅመው መድኃኒት ከሚጠቅመው እኩል በታዘዘ ነበር።